ደህና ነኝ ያለው ማሽን

የጋሸናው ነጋዴ የመሐመድ ልጅ ዘሀራ ላሊበላ ላይ ኮምፒውተር መጠገን ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ስለ ኤሌክትሪክ መጀመሪያ የተማረችው ከታላላቆቿ በወረሰችው፣ ጠርዙ በተበላ የፊዚክስ መጽሐፍ ነበር። ዛሬም ነገር ሲወሳሰብባት የዚያ መጽሐፍ ሥዕሎች ናቸው ትዝ የሚሏት።

አምና ከብልባላ ወዲያ ላለ አንድ ጤና ጣቢያ የክትባት ማቀዝቀዣውን የሚጠብቅ ትንሽ ማሽን ሠራች። ማቀዝቀዣው ሲሞቅ መለኪያው የተሰካበት ካርድ ኮምፒውተሩን ከሥራው አቋርጦ “ስማኝ!” ይለዋል፤ ደወልም ይጮኻል። ይህን ጥሪ ባለሙያዎቹ ኢንተራፕት ይሉታል። ካርዱንና ኮምፒውተሩን የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ የጻፈችው ራሷ ናት።

ዘንድሮ ግን ማቀዝቀዣው ሞቀ፤ ደወሉ ዝም አለ። ክትባቱ የተረፈው ነርሱ ጋሽ ደግሰው በእጅ ቴርሞሜትር ስላዩት ነው።

“ነይና ማሽንሽን ንቀይልኝ” አሏት በስልክ። “ክትባቱ ላሊበላ ይቀመጥ። እናቶቹም ልጅ አዝለው ግማሽ ቀን ይሂዱ፣ ምን ይደረግ!”

“ጋሼ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ። እስከዚያ ይታገሡኝ።”

ስትደርስ ስክሪኑ ላይ በአረንጓዴ “ደህና” ይላል።

“እየሞተም ደህና ነኝ ባይ ነው” አሉ ጋሽ ደግሰው። “የወሎ ሰው ነው መሰለኝ!”

ልትስቅ ስትል ቃሉ ነካትና ፕሮግራሙን ከፈተች። እውነታቸውን ነው። እዚህ አገር ታሞ የተኛ እንኳ “ደህና ነህ ወይ?” ሲሉት “አልሐምዱሊላህ፣ ደህና” ይላል፤ ክፉ ወሬ የሚወጣው ሰላምታው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ድራይቨሩንም እንዲሁ አድርጋ አሳድጋው ኖሯል፦ አስቀድሞ “ደህና” ይላል፤ ከዚያ ጥሪው የሚያልፍበትን መስመር ይጠይቃል። ኮምፒውተሩ “መስመሩ ተይዟል” ብሎ ቢከለክለው መልሱን ሳያይ ያልፋል። በቅርቡ የተገጠመ ሌላ ካርድ መስመሩን ይዞታል።

ቁጭ ብላ አስተካከለችው። አሁን አስቀድሞ ይጠይቃል፤ መልሱን ያያል፤ ከተከለከለ የያዘውን ሁሉ ለቆ፣ ምክንያቱን ጽፎ ይወጣል። መስመሩን ሆን ብላ እንደተያዘ ትታ ማሽኑን አስነሣችው። ስክሪኑ ቀላ፦ “ጥሪ አልተፈቀደልኝም። አትመኑኝ፤ በእጅ ለኩ።”

“ይኸው!” አሉ ጋሽ ደግሰው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው እየገፉ። “አሁን ሰው ሆነ።”

ሌላውን ካርድ ወደ ሌላ መስመር አዛውራ፣ እንዲሞቅ መለኪያውን በመዳፏ ጨበጠች። ደወሉ አምባረቀ፤ በረንዳ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ዞሩ።

“እንግዲህ ልንቀለው?”

“ምን በወጣው!” ብለው ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደወሉ። “የሺሃረግ፣ ለእናቶቹ ንገሪልኝ። ሰኞ ክትባቱ እዚሁ ነው።”