ገላጋይ የሌለበት ጠብ

ወንድሜ ዱከም ቤት ተከራይቶ ሊወጣ መሆኑን የነገረኝ ሳህን ሳጥብ ነው። ፊቴን ሳያይ መናገሩ ይቀለው ነበር መሰለኝ። «ወሩ ሲያልቅ እወጣለሁ፤ ፋብሪካው ድረስ መመላለሱ ሰለቸኝ» አለ። ዞር አልኩና አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ አወረድኩበት። እናታችን አምና ከሞተች ወዲህ አዳማ ባለው ቤታችን የቀረነው እኔና እሱ ብቻ ነን። እሱ ከሄደ እኔ ከማን ጋር ልኖር ነው? ልለው የፈለግኩት ይሄንን ነበር። ያልኩት ግን «ሂድ! ማን ያዘህ! ካልሲውን ማጠብ የማይችል ሰውዬ!» ነው። እሱም በሩን ድው አድርጎ ወጣ።

እኛ ቤት ጠብ ብርቅ ሆኖ አያውቅም። ሁለታችንም ቶሎ እንቆጣለን፤ ሁለታችንም የመጨረሻዋን ቃል እኔ ካልተናገርኩ ባዮች ነን። እናቴ በሕይወት እያለች ግን ጠቡ መጨረሻ ነበረው። ጓዳም ትሁን የትም ትመጣለች፣ መሃላችን ትቆማለች፣ «በሉ በቃ» ትላለች። ማን ጀመረ ብላ አትጠይቅም፤ ፈርዳም አታውቅም። እንደምትመጣ ስለምናውቅ እኛም የልባችን እስኪደርስ ያዙኝ ልቀቁኝ እንል ነበር።

አንዴ ሦስታችን ሶደሬ ስንሄድ ሚኒባስ ውስጥ በመስኮት ወንበር ተጣላን። እኔ የራሴ ሱቅ ያለኝ ትልቅ ሴት ነኝ፤ እሱም ፂም አብቅሏል። እናቴ አፍራ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እሷ ዝም ስትል መኪናው በሙሉ ገላጋይ ሆነ። ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ በኦሮምኛም በአማርኛም «ዲሳ! ዲሳ! ተዉ እንጂ ልጆቼ» እያሉ ተነሱ። ረዳቱ ሂሳብ መሰብሰቡን ትቶ መሃላችን ገባ። ሾፌሩ ዳር ያዘና ካልተሳሳማችሁ አልነዳም አለ። ተሳሳምን። መስኮቱ ጋ ሄዳ የተቀመጠችው እናቴ ነበረች።

አሁን ግን ገላጋይ የለንም። እንጮሃለን፣ በር ይዘጋል፣ ለቀናት አንነጋገርም፤ ከዚያ የሚበላ ነገር ሲጠፋ አንዳችን «ዳቦ ልግዛ?» ይላል።

የዚያ ወር ነገር ልቤን አላስቀምጥ አለው። መናኸሪያው አጠገብ ያለው የፎቶ ኮፒ ሱቄ ውስጥ ወንበር ላይ አልረጋም። መታወቂያ ሊያስገለብጥ የመጣውን ሰው የካርዱን ፊት ብቻ ገልብጬ ጀርባውን እረሳለሁ። ሱቁን ሳይመሽ እዘጋለሁ፤ ቤት ገብቼ ደግሞ ቁምሳጥን አራግፌ መልሼ እደረድራለሁ። የወንድሜ ሻንጣ ግድግዳው ሥር ተቀምጦ በየቀኑ ያብጣል። እሱ ማታ ማታ ከዱከም ይመለስና ጫማውን ሳያወልቅ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣል፤ ጌም ይከፍታል። ከኋላው ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ጠርሙስ አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። «እትዬ፣ በእናትሽ ቁጭ በይ» ይለኛል ዓይኑን ሳይነቅል።

አንድ እሑድ እውነትም ቁጭ አልኩ፤ አጠገቡ።

«አስተምረኝ» አልኩት።

«ምኑን?»

«ይሄን ድብድብህን።»

ላፌዝበት የመጣሁ መስሎት ቆይቶ ነው ጆይስቲኩን ያቀበለኝ። እኔ ግን የምሬን ነበር። እሱን ሳላስነሳ አጠገቡ ልቀመጥበት የምችል ሌላ ቦታ አላገኘሁም።

ጨዋታው ስለ አንድ ተዋጊ ነው። ተዋጊው ገና ምንም ስለማያውቅ አንድ ሸበቶ መምህር ግቢው ውስጥ የድብድብ ሀሁ ያስቆጥረዋል። ሀሁውን ካልጨረሰ የግቢው በር አይከፈትለትም፤ ታሪኩም አይጀምርም። ወንድሜ ጣቴን እየያዘ አሳየኝ። ይሄ ቀላሉ ቡጢ፣ ይሄ ከባዱ፣ ይሄ እርግጫ። ከላይ በኩል ያለውን ቁልፍ ጫን ብለሽ ስትይዢው ደግሞ ትከላከያለሽ። ቡጢውንና እርግጫውን ወዲያው አለፍኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ወር ሙሉ የምመታው ነገር ስፈልግ የነበርኩ ሰው ነኝ።

«ቀስ በይ እንጂ፣ ሽንኩርት እየከተፍሽ አይደለም እኮ!»

መከላከሉ ላይ ግን ቆምኩ። መምህሩ የተናገረው በእንግሊዝኛ ስክሪኑ ላይ ተጽፎ ቶሎ ይጠፋል፤ ወንድሜ ነው የነገረኝ። «ሦስት ጊዜ ይመታሻል። ሦስቱንም ተከላከዪ። ከሦስተኛው በኋላ ደረቱ ክፍት ይሆናል፤ ያኔ አንዴ ትመችዋለሽ።»

«ሦስት ጊዜ ሲመታኝ ዝም ብዬ ላየው?»

«ዝም ብለሽ አይደለም፤ እየተከላከልሽ።»

አልቻልኩም። የመጀመሪያው ምት ሲያርፍብኝ ጣቴ ራሱ ሄዶ ይመታል። እኔ ስመታ መከላከያው ይከፈታል፤ ሽማግሌው በሁለተኛው ይዘርረኛል። ከዚያ እጅ ነስቶ ሀ ብሎ ይጀምራል። ትዕግሥቱ ከምቱ በላይ አናደደኝ። ደግሜ ወደቅኩ፣ ደግሜ ተነሳሁ።

«እዚህ አገር ገላጋይ የለም እንዴ?» አልኩ ጆይስቲኩን ጭኔ ላይ ጥዬ።

ወንድሜ ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ነበር። «ግቢው ውስጥ ያላችሁት እናንተ ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ። ማን ይገላግልሽ?» አለ። ሳቁ ግን ወዲያው ከፊቱ ጠፋ። ማን ትዝ እንዳለችው አውቄያለሁ፤ እኔም ትዝ ያለችኝ እሷው ናት።

ከዚያ በኋላ ሥራ ከመሄዴ በፊትም፣ ከሥራ ስመለስም ሞከርኩ። ሱቅ ውስጥ ባዶ ጣቴ ጠረጴዛ ሲጫን አገኘዋለሁ። ወሩ ግን እየሮጠ ነበር፤ እኔም ሽማግሌውን ሳላልፍ የሚሄድበት ቅዳሜ ደረሰ።

ባጃጁ በር ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። ሻንጣው ወጥቷል። እኔ ከእናቴ ሳጥን ወፍራሙን ብርድ ልብስ አውጥቼ ይዤለት መጣሁ፤ ዱከም ከአዳማ ይበርዳል።

«አልፈልግም» አለ።

«ያዝ እንጂ፣ ሌሊት ትንቀጠቀጣለህ።»

«አልፈልግም አልኩሽ! ሁልጊዜ ምን እንደሚያስፈልገኝ የምታውቂው አንቺ ነሽ!»

መልስ ነበረኝ፤ ጥሩ መልስ። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ጣቴን ብርድ ልብሱ ውስጥ ጫን አድርጌ ያዝኩ።

«እዚህ ቤት ስገባ ፍርድ ቤት የቀረብኩ ነው የሚመስለኝ። መንገድ ላይ ገና ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ዛሬ ምን ትለኝ ይሆን እላለሁ።»

አሁንም ያዝኩ። ዝምታዬ ይበልጥ አናደደው መሰለኝ ድምፁ እስከ ውጭ የሚሰማ ሆነ።

«እማዬ የሞተች ቀን እንኳ ለቅሶኛ ፊት የጮኽሽው እኔ ላይ ነው!»

ይሄኛው ገባ። ጨዋታው ላይ የተከላከሉት ምት አያምም፤ ይሄ አመመኝ። ወንድሜም የተናገረውን ሰምቶ ደነገጠ። የት ብመታው እንደሚወድቅ አውቃለሁ። እሷ ያረፈች ዕለት ፋብሪካ ውስጥ ስልኩን ዘግቶ ነበር፤ የደረሰው ከተገነዘች በኋላ ነው። ይሄን ብናገር ያ ልጅ ሁለተኛ ያን በር አይረግጥም ነበር።

«መሄዱን ሂድ» አልኩት። «ብቻዬን መሆን ግን እፈራለሁ። ከሞተች ጀምሮ እፈራለሁ።»

እንዲህ ያለ ነገር ነግሬው አላውቅም። ወንድሜ ዓይኑ ሞላ፤ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ልጅነቱ በመዳፉ ፊቱን ሸፈነ። በዚህ መሃል የባጃጁ ሾፌር እየሮጠ ገባና ሁለት እጁን ዘርግቶ መሃላችን ቆመ። «ኧረ ተዉ! ኧረ በፈጠራችሁ!» ይላል። ግራ ቀኝ አየን። የሚገላግለው ጠብ የለም፤ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዷ ብርድ ልብስ ታቅፋለች። «ጩኸቱ ድንገት ጸጥ ሲል ጊዜ… የተጎዳዳችሁ መስሎኝ ነው» አለ እጁን እያወረደ።

ወንድሜ ብርድ ልብሱን ከእጄ ወሰደ። በሩ ላይ ሲደርስ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆመ።

«ጌሙን ትቼልሻለሁ። የግቢው በር ከተከፈተልሽ ግን ያለ እኔ እንዳታልፊ። በሚመጣው ቅዳሜ እመጣለሁ።»

በሩ የተከፈተልኝ በማግስቱ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ያዝኩ፤ አንዴ መታሁ። ሽማግሌው እጅ ነሳኝ፤ ከኋላው ያ ትልቅ በር ወለል ብሎ ተከፈተ፤ ማዶው ተራራ ነው፣ መንገድ ነው። ተዋጊዬን ደፉ ላይ አቆምኩት። ያን ሳምንት ስንቴ ጆይስቲኩን አንስቼ እንዳስቀመጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ቤቱ ጸጥ ይላል። ሬዲዮ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ባይመጣስ? እላለሁ።

ቅዳሜ መጣ፤ የሚታጠብ ልብስ በፌስታል ይዞ። ሰላም ሳይለኝ ስክሪኑን አየ።

«አልፈሻል!»

«አላለፍኩም!»

«ገብተሽ ነው የተመለስሽው! አውቅሻለሁ እኮ፣ መች ያስችልሽና!»

«ሳምንት ሙሉ ደፍ ላይ ገትሬው ውሸታም ልባል?»

ተጣላን። የምራችንን ተጣላን፤ ፌስታሉ ወደቀ፣ ካልሲው ወለሉ ላይ ተበተነ፣ የጎረቤት ውሻ ጮኸ። መሃል ላይ እኔ በልማድ ወደ ጓዳው በር ዞር አልኩ። እሱም ዞር ብሎ አገኘሁት። ሁለታችንም ትንሽ ጠበቅን። ማንም አልመጣም።

«በይ በቃ» አለ ወንድሜ።

«በቃ» አልኩ። ካልሲውን ለቀምኩ፤ እሱ ጆይስቲኩን አቀበለኝ፤ በሩን አለፍን።