ያልተጻፈውን ያነበብኩበት የደሴት መጽሐፍ

የልጄን ባል ገና ከመጀመሪያው አልወደድኩትም። አዲስ አበባ አንድ የውጭ ድርጅት ውስጥ ይሠራል፤ ሳሎናችን ውስጥ ተቀምጦ እንኳ ስብሰባ እንደሚመራ ሰው ነው የሚናገረው። አንድ ጊዜ ቦንጋ አጠገብ፣ ማንኪራ ቀበሌ ያለው ቤታችን ድረስ ወፍራም መጽሐፍ ይዞ መጣ። በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ስላሉ ደሴቶች ለቱሪስት የተጻፈ ነው፤ የት እንደሚታደር፣ ምን እንደሚበላ፣ በየትኛው ጀልባ እንደሚኬድ የሚናገር። በእንግሊዝኛ።

«የዓመት ፈቃዳችንን ደሴት ላይ ልናሳልፍ ነው፤ እናንተም አብራችሁን ትሄዳላችሁ» አለ። «እማማ ሥዕሉን እያዩ የትኛው ደሴት እንደሚሻል ይምረጡ። አባባም ያግዙዎታል። አሁንማ አንባቢ ሆነዋል አይደል?»

ይቺን የመጨረሻዋን ባይጨምር ምን ነበረበት?

ፊደል የቆጠርኩት ከሃምሳ ዓመቴ በኋላ ነው። ቀበሌው ጎልማሶችን ሲያስተምር፣ ከቡና ለቀማ መልስ፣ ልጄ የምትሆን አስተማሪ ፊት አግዳሚ ላይ እየተቀመጥኩ። አማርኛውን በፊደሉ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋዬን ካፊኖኖን በላቲን ፊደል ተማርኩ። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ፊደሎች አውቃቸዋለሁ፤ አንድ በአንድ እየጠራሁ ድምፅ አወጣላቸዋለሁ። ምን እንደሚሉ ግን አላውቅም። ሚስቴ ይህን ልዩነት አታውቅም፤ ለእሷ ያነበበ አነበበ ነው። እኔም አልነገርኳትም። በአውራ ጣቴ ማተም ትቼ መፈረም ከጀመርኩ ወዲህ በቤቱ ውስጥ ያለኝ ክብር እሱ ብቻ ነበር።

መጽሐፉ ቤት ከገባ በኋላ ሴትዮዋ ሌላ ሰው ሆነች። ማርና ቡና ቦንጋ ገበያ አውርዳ ከመሸጥ በቀር ከጅማ ያለፈ አገር አይታ አታውቅም፤ ጅማንም ያየችው ለሕክምና ሄዳ ነው። ገጹን የምትገልጠው እጇን ታጥባ ነው። ጀርባቸው ቀይ እስኪሆን ፀሐይ ላይ እንደ ቆዳ የተሰጡትን ፈረንጆች ትዘልላቸውና ውሃው ላይ ትቆማለች።

«ይሄ ሁሉ ውሃ ነው? ማዶ የለውም?»

«ጫካችን ምን አነሰሽ?» አልኳት።

«ጫካውንማ ሠላሳ ዓመት አየሁት። አንተንም እንደዚያው።»

ነጭ ሸራ የተወጠረበት ጀልባ ያለበትን ገጽ መረጠች። ምን ልልበስ ብላ የምትጠይቀው ልጃችንን በስልክ ነው፤ እኔን አትጠይቅም። ቀፎዎቼን ማን ይጠብቅ ብዬ ሰበብ ደረደርኩ። እውነቱ ሌላ ነው። አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ወረቀት ሰጥተው «አባባ፣ እዚህ ጋ ይሙሉ» ሲሉኝ፣ እሷ አጠገቤ ቆማ ስታየኝ ታየኝ። በዚያ ሰውዬ ፊት።

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ መጽሐፉን አምጥታ ጭኔ ላይ ታስቀምጣለች። «እስቲ እዚህ ጋ ምን ይላል?» መጀመሪያ ስለ ዓሣና ስለ ኮኮናት ፈጠርኩላት። ደስ አላት። ደስ ሲላት ጊዜ ክፋት ገባብኝ። አሸዋው ውስጥ እግር የሚበላ ትል አለ ብዬ አነበብኩ። «ትል ማንኪራም አለ» አለች። ሌባ አለ ብዬ አነበብኩ። «ምኔን ይሰርቁኛል? ነጠላዬን?» ብላ ሳቀች። ጀልባው ያለበት ገጽ ላይ ስንደርስ ጣቴን መስመሩ ላይ እየጎተትኩ፣ «እዚህ አገር የሞተ እንግዳ አስከሬኑ አይወጣም፤ እዚያው ይቀበራል» አልኩ።

መጽሐፉን ከጭኔ ላይ አነሳችና ከደነችው። ከዚያ ቀን በኋላ አልገለጠችውም። እድርተኛ ናት፤ የስንቱን ቀብር የቆመች። ያለ ለቅሶ፣ ያለ ቤተ ክርስቲያኗ አፈር መቅረትን ከሁሉ በላይ እንደምትፈራ አውቄ ነው ያደረግሁት።

ከወር በኋላ ልጄና ባሏ ፓስፖርት ሊያስወጡልን ሊወስዱን መጡ። «እኔ አልሄድም» አለች ሚስቴ። ልጄ ለመነች፣ ተቆጣች፣ አለቀሰች። እናትየው መጽሐፉን አወጣችና ጀልባውን ፈልጋ የልጃችን ባል ፊት ዘረጋችው።

«ልጄ፣ እዚያ የሞተ አይመለስም ይላል። እዚህ ጋ ነው ያነበበልኝ። ለምን ደበቅኸኝ?»

ሰውዬው ገጹን አየ። ቀጥሎ እኔን አየኝ። በእኛ አገር የልጅ ባል አማቱን በገዛ ቤቱ ውሸታም አያስብለውም። ይህ ግን ከተሜ ነው፣ ረስቶታል፣ አሁን ያዋርደኛል ብዬ ወገቤን አጥብቄ ጠበቅሁ።

«ልክ ነው፣ እማማ» አለ። «አባባ በትክክል ነው ያነበቡት። ሳልነግርዎት የቀረሁ ጥፋተኛው እኔ ነኝ።»

ልጄ አንገቷን አስግጋ ገጹን አነበበች። በኋላ እንደነገረችኝ የጀልባ መነሻ ሰዓት ነበር የተጻፈበት። ከንፈሯን ነክሳ መጽሐፉን ከደነችው።

እንግዲህ አሸንፌያለሁ፤ ሴትዮዋ ቀርታለች። ሁለቱ ግን ሽንት ልብሱ ላይ እንዳመለጠው ሽማግሌ እላዬ ላይ ጋቢ ጣል አደረጉብኝ። ከሌላ ሰው ቢሆን እቀበል ነበር። ከእሱ እጅ አልቀበልም።

«ውሸት ነው!» አልኩ። «እንግሊዝኛ አላውቅም። አንዲት ቃል አላነበብኩም። ከሆዴ ነው ያወጣሁት።»

ሚስቴ ትክ ብላ አየችኝ።

«ስለ ዓሣውም?»

«ስለ ዓሣውም።»

«ያን ሁሉ ቀን ጣትህን እየጎተትክ?»

«አዎ።»

ወደ ሰውዬው ዞረች። «አንተስ? የተማርከው ለዚህ ነው?» አንገቱን ደፋ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የጣመኝ የለም፤ አልዋሽም።

«ነጠላዬን አምጪልኝ» አለቻት ልጃችንን። «መኪናው ሳያመልጠን።» እኔን ና አላለችኝም፤ እኔም እሄዳለሁ አላልኩም።

ሄደች። ደሴቲቱም ላይ ሰንብታ መጣች። የባሕር ውሃ አፍ ውስጥ ሲገባ ጨው ጨው እንደሚል፣ ጀልባው ላይ አስመልሷት የጀልባው ባለቤት ቁራጭ ሎሚ አፍንጫዋ ሥር እንደያዘላት፣ ማታ ማታ ውሃው ሸሽቶ አሸዋው ባዶውን እንደሚቀር፣ ይህን ሁሉ የሰማሁት በአጥር በኩል ነው፤ ለጎረቤት ሴቶች ስታወራ። እኔ ብቅ ስል ወሬው ይቆማል።