በሁለቱም ትሠራለች

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣን ነው። እኔና አንድ ጓደኛዬ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተን፣ ጉብሬ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተን የእንቁላል መፈልፈያ ሳጥን እንሠራ ነበር። የሳጥኑን ሙቀት የምትቆጣጠር ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ካርድ አለች፤ የካርዷን ፕሮግራም የሚጽፈው እሱ ነው። እኔ ደግሞ ካርዷ ውስጥ የሚሆነውን በኮምፒውተር የምታሳይ፣ ስህተት ሲኖር የምትጠቁም ሌላ ፕሮግራም ሠራሁ። መጀመሪያ የምትሠራው በዊንዶውስ ብቻ ነበር። የሱ ላፕቶፕ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሌላ ሲስተም ስለሆነ «እኔንስ ለማን ትተኸኝ ነው?» እያለ ሲነዘንዘኝ፣ ለሱም እንድትሆን አድርጌ እንደገና ጻፍኳት።

እኔ ክርስቲያን፣ እሱ ሙስሊም ነን። በመስቀል እኔ አረቅጥ ቤተሰቤ ጋ እገባለሁ፣ እሱ ሥራ ይጠብቃል። በአረፋ ደግሞ እሱ ቡታጅራ ይገባል፣ እኔ እጠብቃለሁ። እኛ ቤት ለመስቀል ያልገባ ልጅ ወይ ታሟል ወይ ታስሯል ነው የሚባለው። እነሱም ቤት ለአረፋ እንደዚያው ነው።

በዚያ ዓመት አረፋ የዋለው ከመስቀል በሳምንቱ ነበር። እኔ ለመስቀል ልሄድ ስነሳ ሳጥኑ ውስጥ አክስቱ ከገዛ ዶሮዎቻቸው ሰብስበው የላኩት አርባ እንቁላል አለ፤ ሊፈለፈል ሦስት ቀን ቀርቶታል። አዲሷን ፕሮግራም በሱ ላፕቶፕ ላይ፣ የካርዷን ገመድ እየነቀልኩ እየሰካሁ መሞከር ነበረብኝ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ የአረቅጥ መኪና ሊያመልጠኝ ነው!

«በሁለቱም ትሠራለች» አልኩት ቦርሳዬን እያነሳሁ። «በመጨረሻዎቹ ቀናት ሳጥኑ አይከፈትም። አንተ ስክሪኑን እመን።»

እኛ ቤት የታረደ ሥጋ እሱ ስለማይበላ ቆጮና አይብ ይዤለት ተመለስኩ። በሩ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። አንድም ጫጩት አልወጣም።

«ወላሂ ዓይኔን አልነቀልኩም» አለኝ። «እስከ መጨረሻው ሠላሳ ሰባት ይል ነበር። ካርዷ ሙቀቱን ተሳስታ ብትለካ ነው፤ ያበላሸኋት እኔ ነኝ። አክስቴን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

ለሶላት ሲወጣ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሊኑክስ ካርዷን በሌላ ስም ይመዘግባታል። የኔዋ ጉደኛ ግን በድሮው ስም ትፈልጋታለች፤ ስታጣት «ጠፋችብኝ» እንደማለት የመጨረሻውን ቁጥር ይዛ ድርቅ! ካርዷም መብራት ሲመለስ ማሞቂያውን ሳታበራ ቀርታለች፤ ይሄ የሱ ስህተት ነው፣ አልክድም። ግን እንዲህ ያለውን ስህተት ለመያዝ አይደል እንዴ እኔ ፕሮግራም የሠራሁት?

አስተካከልኳት። ሲመለስ «ፕሮግራሟን ትንሽ አሻሻልኳት» አልኩት።

«አላህ ይስጥህ» አለኝ። እኔን ብሎ ተመስጋኝ! ያን ምርቃት ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ፊቴ ይግላል።

አክስቱ ሌላ እንቁላል ላኩ። አረፋ ሲደርስ «ተራው የኔ ነው፤ በል ተነስና ሂድ» አልኩት።

«ያበላሸሁት እኔ፣ የምትጠብቀው አንተ? ጫጩቶቹን ሳልይዝ አክስቴ ፊት አልቆምም» ብሎ ድርቅ አለ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ ቦርሳውን ራሴ አዘጋጀሁለት። ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ መንገር ሲቀር ያላደረግኩት የለም።

በዋዜማው እናቱ ደወሉ። እሱን ጨቅጭቀው ሲደክማቸው ስልኩን ለኔ እንዲሰጠኝ አደረጉ።

«ልጄ፣ አባቱ በጉን አስሮ እየጠበቀው ነው። አንተ በመስቀል እናትህ ጋ ገብተህ የለ? አንተን ይሰማሃል፤ እስቲ አንድ ነገር በለው» አሉኝ።

ቤቱ ሊያስገባው የሚችለው አንድ ነገር እኔ ጋ ነበር። «እሺ እማማ፣ እነግረዋለሁ» አልኳቸውና ስልኩን ዘጋሁ።

«ምን አለችህ?» አለኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

«ዒድ ሙባረክ በልልኝ አሉ» አልኩት።