የዋንዛ መዝጊያ

ያን ዕለት ከሁሉ አስቀድሜ የበቅሎ ጋጣ ተሳለምሁ። ከማንኩሳ ወደ ቡሬ ሲሄዱ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ ዝግባ ሥር የቆመ የድንጋይ ፍርስራሽ ሳይ የጥንት ቤተ ክርስቲያን መሰለኝና ጫማዬን አውልቄ ግንባሬን አስነካሁት፤ ሳምሁትም።

«አያ፣ ያያቴ በቅሎዎች እንኳ ይህን ያህል አላከበሩትም!»

ዞር ብል በዕድሜ የሚያህሉኝ፣ ጥቁር የለበሱ ሴት ናቸው። ግቢው ያያታቸው ነበር። ዘመኑ ሲገለበጥ ወራሹ ተበተነ፤ እሳቸው ይህን ጋጣ ቤት አድርገው ካንድ ልጃቸው ጋር ቀሩ። ልጁም ሞተ፣ ጣሪያውም ወደቀ። አሁን ከጎኑ ጎጆ ቀልሰው ይኖራሉ።

«ምን እግር ጣለዎ?»

«እስላለሁ።»

«ውይ በሞትሁት! ዝንጅብል ላፍላልዎ?»

እኔ ሥዕል ማለቴ ነው፣ እሳቸው ጉሮሮዬን ያመመኝ መስሏቸዋል። ስንግባባ ሳቁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ፍርስራሽ ብቻ ነው የምስለው፤ የቆመ ቤት እጄን አያነቃውም። ራሴን ብስል እኮ የመንገዱ ድካም ይቀርልኝ ነበር።

ሳቃቸው ቶሎ ከሰመ። ሰፈሩ ድንጋዩን ለድልድይ ሊወስደው ተስማምቷል፤ ሰኞ ይነሣል።

«አይውሰዱት አላልሁም። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ሰው ይበላል። ግን ልጄን ያወጡብኝ በዚያ በር ነው። ጠዋት ጠዋት ደፉ ላይ እቀመጣለሁ። ድንጋዩ ሳይነሣ በሩን ይሳሉልኝ።»

እስከ ቀትር ሳልሁ። የተሰነጠቀው ጉበን፣ ስንጥቁ ውስጥ የበቀለው ሣር፣ ከሥር የተኛው ጥላ... እንዲያ ያለ ሥዕል ወጥቶልኝ አያውቅም። ኩራቴን መደበቅ አቅቶኝ ሰጠኋቸው።

አገላብጠው አዩት። «ይኸማ አለኝ» አሉ። «እኔ የለመንሁዎ ልጄ ይገባበት የነበረውን ነው። መዝጊያው ዋንዛ ነበር። ሲከፈት ያጓራል። እጁ ሸክም አያጣም፣ በእግሩ ገፋ እያደረገ ነበር የሚገባ።»

እንደገና ሞከርሁ። ዋንዛው ከመሳሌ ነቀዘ፤ ጉበኑ ተጣመመ። እጄ ለካ ገናዥ ሆኗል፤ ሕያው ነገር ሲሰጡት ይገንዘዋል።

«ቤቴ ሄጄ እጨርሰዋለሁ» አልኋቸው። መረቁኝ።

ድንጋዩ ተነሣ። ድልድዩም ቆመ፣ ሰውም ይሻገርበታል። እሳቸው ግን ጠዋት ጠዋት ባዶው ሣር ላይ ይቀመጣሉ አሉ። እኔ ፍኖተ ሰላም ሆኜ መዝጊያ ስስል እውላለሁ፤ ሁሉም ዝግ ነው። በእግር ገፋ ሲያደርጉት የሚከፈት አንድ በር አለብኝ።