አባባ ገበያ ወጥቶ ነው
ጸሎት ቤታቸው ሲታሸግ ኢተፋ ወደ ጀርመን ሸሸ። ደርግ በእሱ ፈንታ አባቱን ናዝሬት እስር ቤት አሰረ፤ ሽማግሌውም እዚያው ሞቱ። እህቱ ጫልቱ ግን በሰው አገር ብቻውን መርዶ እንዳይሰማ ብላ፣ «ሁላችንም ደህና ነን፤ አባባም ገበያ ወጥቶ ነው» ብላ ድምፅዋን በካሴት ቀድታ ላከችለት።

ዓመት ሳይሞላ ኢተፋ ተመልሶ እዚያው እስር ቤት ታሰረ። ጫልቱ ስንቅ ይዛ ሄደች።

«ጥገኝነት ሲከለክሉኝ ይግባኝ ብዬ ነበር» አላት በሽቦው ማዶ ሆኖ። «ከሻንጣዬ ያገኙትን ካሴት ፍርድ ቤት አሰሙት። ዳኛውም ‹አባትህን ካልነኩ አንተንም አይነኩህም› ብሎ ወደ አገሬ እንድመለስ ፈረደብኝ።»

ጫልቱ አቀርቅራ የስንቁን ቋጠሮ መፍታት ጀመረች።

«ግድ የለም፣ እቴ። አባባን ለምን አላመጣሽውም?»

አጠገባቸው የቆመው ዘበኛ ሳቀ። «አምና እዚህ የሞተውን ሽማግሌ ነው?»

ኢተፋ እህቱን አያት። እሷ ግን ቀና አላለችም።