ለአጭር ክንድ

ሰውየው ከፃግብጂ በእግሩ መምጣቱን አቧራ የዋጠው ላስቲክ ጫማው ይመሰክራል። አሮጌውን ምንሽር በማዳበሪያ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎታል። አናጢው ሚፍታሕ ጥቅሉን ሲፈታ የጠመንጃው ሰደፍ ቅቤ ጠጥቶ ያብለጨልጫል፤ የባለቤቱ ፊት ግን ከስቶ አጥንቱ ቀርቷል።

«ዒላማውን ይስታል፣ ልጄ። ጅቡ ፍየሎቻችንን ፈጃቸው። የተረፉት ካለቁ ቤታችንም አብሮ አለቀ። ሰደፉን አሳጥርልኝ።»

ሚፍታሕ ጠመንጃውን አገላብጦ አየና ሳቀ። «አባቴ፣ የእርስዎ ክንድ እኮ የሞፈር ያህል ነው። ይሄ ካጠረ ሲተኩሱ ጉንጭዎን ነው የሚያጎነው።»

ሰውየው አልሳቀም። ሳሉን በጋቢው ጫፍ አፍኖ እስኪያልፍለት ጠበቀና ከኪሱ የተቋጠረ ክር አወጣ።

«ልኩ ይኸውልህ፤ ከክርኗ እስከ ሌባ ጣቷ። የባለቤቴ ነው። እኔ ስተኛ ጅቡን የምትጠብቀው እሷ ናት። ሰደፉ ስለሚረዝምባት ትከሻዋ ላይ አይረጋላትም፤ ትተኩሳለች፣ ትስታለች።»

«ታዲያ እርስዎ ሲሻልዎት በምን ሊተኩሱ ነው?»

«ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ቤትዎ ይረፉ ብለውኛል።»

ሚፍታሕ መጋዙን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። ክሩን ሰደፉ ላይ ዘርግቶ ቢያየው የሚቆረጠው ከአንድ መዳፍ ይበልጣል።

«አንዴ ከተቆረጠ አይቀጠልም፣ አባቴ። ባለቤትዎስ ያውቃሉ?»

ሰውየው የሰደፉን ጫፍ በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

«ቢነግሯት እሺ ትላለች?» አለ። «እንቅልፍ ሲጥላት ነው የለካኋት።»