በጉድጓድ የተንጠለጠለው አደራ

መጋዘኑን መጀመሪያ ያወቅኩት በአፍንጫዬ ነው። ከኋላዬ ገፍተው ሲያስገቡኝ ዐይኔ ጨለማውን ገና አልለመደም፤ የሩዝ እብቅ ሽታ ግን ወዲያው ጉሮሮዬን ያዘኝ። ያን ሽታ እወደው ነበር። ወረታ ልትገባ ስትል ከመፈልፈያዎቹ በነፋስ ይመጣል፣ ደስ ይላል። አርባ ሰው በታጨቀበት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ግን ሌላ ነው። ያሳክካል፣ ያስነጥሳል፣ ላብ ላይ ይለጠፋል።

«እንኳን ደህና መጣህ» አለኝ አንድ ድምፅ ከወለሉ። «ጫማህን አውልቅና ትራስ አድርጋት። ደግሞ ጥሩ ጫማ ናት!»

ባጃጅ ነጂ ነው። ከእኔ አራት ቀን ቀድሞ ገብቷል። ምን አድርገህ ነው ስለው «ሰው ጭኜ» አለኝ። ማንን እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። «አንተስ?» አለኝ።

«ውሃ ስለካ።»

«እሱ ይብሳል» አለ።

ቀልዱን ነበር፤ ግን አልተሳሳተም። እኔ የከርሰ ምድር ውሃ አጠናለሁ። ሲነገር ትልቅ ነገር ይመስላል፤ ሥራው ግን የሰው ጉድጓድ ውስጥ አንገትን አስግጎ መዋል ነው። የፎገራ ሜዳ በክረምት ውሃ ይተኛበታል። በበጋ ደግሞ ገበሬው ለሽንኩርቱ ከጉድጓድ በሞተር ይስባል። ውሃው በበጋ ምን ያህል እንደሚወርድ፣ በክረምት ምን ያህል እንደሚመለስ ማወቅ ነበር የኛ ጣጣ። ለዚህም በመረጥናቸው ጉድጓዶች ውስጥ አንድ አንድ መለኪያ በቀጭን ሽቦ እናንጠለጥላለን። ስንዝር የምታህል የብረት ቱቦ ናት። ውሃ ውስጥ ሆና የውሃውን ከፍታ በየሰዓቱ ለራሷ ትመዘግባለች፤ እኛ በወር አንድ ቀን መጥተን ወደ ኮምፒዩተር እንገለብጣለን። መልኳ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አይልም። ጥይት በሚተኮስበት ወራት ወታደር ከጉድጓድ ውስጥ ቢያወጣት የውሃ መለኪያ ናት ብሎ አይስማትም።

ጥፋቱ ግን የመልኳ ብቻ አልነበረም። ሥራውን ስንጀምር ለባለጉድጓዶቹ ወረቀት እያስፈረምን ነበር የምንሰጠው። ያስፈረምንባት ሁሉ ጠፋች። አንዷን ከሁለት ወር በኋላ በግ አንገት ላይ ተንጠልጥላ አገኘናት። ኋላ ሾፌራችን ዘዴውን አስተማረን። «ወረቀቱን ተዉት። አደራ በሉ» አለን። እውነትም አደራ ብለን የሰጠናት አንዲትም አልጠፋችም። አየህ ብልጠታችንን? ልጆች አውጥተው እንዳይጫወቱባት ደግሞ «ለማንም እንዳይናገሩ» እንል ነበር።

አንዷን የተቀበሉኝ የአንድ ሟች ቄስ ባለቤት ናቸው። እማማ እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸው ሰባን ሳያልፍ አይቀርም፤ ጉድጓዳቸው ከቤታቸው ጓሮ ነው። ስሰጣቸው ብድግ አሉ፤ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝና «በሰማይም በምድርም ተቀብያለሁ» አሉ። እኔ ደግሞ ሳቅኩ። ለአንዲት ቱቦ!

ፍተሻ የመጣባቸው ዕለት ወታደሮቹ «ጉድጓዱ ውስጥ ምን አለ?» ብለው ጠየቋቸው።

«ውሃ» አሉ።

ወታደሩ ሽቦውን ሳበው።

እኔ ያኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። በዚያው ቀን ቁጥሮቹን ልገለብጥ በሞተር ሳይክል ስሄድ መንደሩ ጋ ሳልደርስ አስቆሙኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ኮምፒዩተርና አንድ ጥቅል ሽቦ ነበር። የቦርሳዬ ሽቦ ከጉድጓዱ ሽቦ ጋር አንድ ሆነ። ሌላ ማስረጃ ምን ያስፈልጋል?

መርማሪው ቀጭን፣ ድምፁን የማያሰማ ሰው ነበር። ቱቦዋ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች። ምን እንደሆነች፣ መቼ እንዳንጠለጠልናት፣ ሽቦዋ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ በወሩ በስንተኛው ቀን እንደምንመጣ ሁሉንም ተናገርኩ። ጻፈው፣ አስፈረመኝ። ወደ መሥሪያ ቤቴ ደውሎ እንዲጠይቅልኝ ለመንኩት። ኔትወርክ ከጠፋ ሳምንት ሆኖታል አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ደግሞ አስጠራኝ።

«አሮጊቷ ምን እንደሚሉ ታውቃለህ?» አለ።

«አላውቅም።»

«የሰው ዕቃ ነው፣ ባለቤቱ ይናገር። የሚሉት ይህን ብቻ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ! የውሃ መለኪያ ከሆነች የውሃ መለኪያ ናት ብለው አይገላገሉም?»

«እንዳይናገሩ ያልኳቸው እኔ ነኝ» አልኩ።

«እህ!» አለና ጻፈው።

ምላሴን ልቆርጠው ደረስኩ። «እባክህ አገናኘኝ፤ አንድ ቃል ብቻ ልንገራቸውና ይናገራሉ» አልኩት።

«መክራችሁ አንድ ዓይነት ቃል ልትሰጡኝ?»

በሱ ቦታ ብሆን እኔም አላገናኝም።

እማማ የታሰሩት ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ሩዝ በሚመዘንበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። ከኛ የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነው። ድምፃቸው አይሰማም፤ ሳላቸው ግን ይሰማል። እብቁ ደረታቸውን ይዞታል። መጀመሪያ ደረቅ ሳል ነበር፤ በአራተኛው ቀን ከታች፣ ከሆድ የሚመጣ ሆነ። ሲጀምራቸው መጋዘኑ ሙሉ ወሬውን ያቆማል። ሲያቆሙ አንድ ሰው «ተመስገን» ይላል። እኔ ግድግዳውን እያየሁ እቀመጣለሁ። አንዲት የፈረደባቸው እናት በኔ ብልጠት እዚያ እየታፈኑ ነው። ሌላ የማስበው ነገር አልነበረኝም።

«ኢንጂነር» ይለኛል ባጃጅ ነጂው ሲያየኝ፣ «ለመሆኑ ውሃ ለመለካት ገመድና ድንጋይ አይበቃም ነበር?»

«ይበቃ ነበር።»

«ታዲያ ሳይንሱ ምን ቸገራችሁ?»

በአምስተኛው ቀን ጠባቂው ለአንዱ እስረኛ ሲናገር ሰማነው። ነገ ጠዋት የጭነት መኪና ይመጣል፤ ጉዳያቸው ያልጠራ ሰዎች ሩቅ ወዳለ ትልቅ ማቆያ ይወሰዳሉ። ከሚወሰዱት ውስጥ እማማና እኔ አለንበት። ባጃጅ ነጂው ያን ቀን አልቀለደም። «ያ ደረት መንገዱን አይችለውም» አለኝ ቀስ ብሎ። «አንተ ትችለዋለህ። እሳቸው ግን አይደርሱም፤ ልንገርህ።»

በማግስቱ በጠዋት፣ አምስት አምስት እየሆንን ወደ መጸዳጃ ስንወጣ፣ የጭነት መኪናው ግቢው ውስጥ ቆሟል። ሴቶቹ ውሃ መቅጃው አጠገብ ተቀምጠዋል። ከነሱ ጋር መነጋገር ክልክል ነው፤ ቀና ብሎ ማየትም አይወደድም። እማማን አየኋቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። ፊታቸው እፍኝ አክሏል።

አላሰብኩበትም። ካሰብኩበት ድምፅ አይወጣኝም ነበር። «እማማ!» ብዬ ጮህኩ። «ከአደራው ፈትቼዎታለሁ! ሁሉንም ይንገሯቸው!»

ጠባቂው በሰደፍ ጀርባዬን አለኝ። አንዴ ብቻ ነው፤ ግን ተንበረከክኩ። እማማ ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አወረዱ።

«ዕቃው የታለ?» አሉ።

በደንብ ያልሰማኋቸው መሰለኝ።

«ዕቃው የታለ ነው የምልህ! ወሬ ነው እንዴ የሰጠኸኝ? ብረት አይደል? ብረቱን በእጄ ሳላስረክብህ በምን አፌ ነው የምናገረው?»

«ወይ ጉድ!» አለ ባጃጅ ነጂው ከኋላዬ። «ኧረ እማማ፣ መኪናው ቆሟል እኮ!»

«ይቁም!»

ጫጫታውን ሰምቶ መርማሪው ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ መፋቂያ በአፉ እንደያዘ ወጣ። ጠባቂው እኔን እያሳየ መናገር ጀመረ። እማማ አላስጨረሱትም። ቆመው እጅ ነሱ።

«ጌታው፣ ያቺን ዕቃ ያምጡልኝና ለባለቤቷ ላስረክብ። ከዚያ የጠየቁኝን ሁሉ እናገራለሁ። እምቢ ካሉም ጫኑኝ፤ ምን እላለሁ። ሬሳዬም ቢሆን ግን አደራ በልቶ አይሄድም።»

መርማሪው መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። መኪናውን አየ፤ እሳቸውን አየ፤ እኔን አየኝ። ተቆጥቷል ብዬ ነበር። ፊቱ ግን እናቱ የጠሩት ልጅ ፊት ሆነ። «አምጣት» አለው ጠባቂውን።

ቱቦዋ መጣች። እማማ ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጓት፤ ሽቦዋን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ዳሰሱ። «እዚህ ጋ ተጎድታለች» አሉ። «እኔ አይደለሁም። ያ ረጅሙ ልጅ ነው፤ ቀስ ብለህ ብለው አልሰማኝም።» ረጅሙ ወታደር መሬት መሬት አየ። ከዚያ ወደ እኔ መጡ። እንደተንበረከክኩ ነኝ።

«ተነሥ እንጂ! ተንበርክከህ ነው የምትረከበኝ?»

ተነሣሁ። ጠባቂው ሰደፉን ዝቅ አደረገ።

«ይኸው ልጄ፤ እንደሰጠኸኝ። ተረክበሃል?»

«ተረክቤያለሁ፣ እማማ።»

«ጌታው፣ እርስዎም ምስክር ነዎት።»

መርማሪው አንገቱን ነቀነቀ። እማማ ጄሪካን ገልብጠው ተቀመጡና «በሉ፣ አሁን ጠይቁኝ» አሉ።

የጠየቃቸው ግን ሰው የለም። እሳቸው ራሳቸው ናቸው አንድ በአንድ የዘረዘሩት። ቱቦዋን ያንጠለጠልንበትን በዓል፣ ሽቦው በክንድ ስንት እንደሆነ፣ በወር በወሩ የምንመጣበትን ቀን፣ አንድ ወር ሳንመጣ የቀረንበትን ጭምር። መርማሪው የፈረምኩበትን ወረቀት አስመጥቶ ከጎናቸው ቆሞ ይከታተላል። በሌባ ጣቱ መስመር በመስመር ሲወርድ አያለሁ። አንድም ቦታ አልቆመም።

«በነሐሴ ውሃው ጎንበስ ብዬ በጣሳ የምቀዳው ነው» አሉ እማማ፤ «በሚያዝያ ግን ገመድ ያስቀጥለኛል። ለምን እንዲህ እንደሚሆን አጠናለሁ ብሎኛል። እስከ ዛሬ ምንም አልነገረኝም!» ወደ እኔ ዞሩ። «መቼ ነው የምትነግረኝ?»

መጀመሪያ የሳቀው ረጅሙ ወታደር ነው። ቀጥሎ ግቢው በሙሉ ሳቀ።

«በቃ እማማ፣ ገባኝ» አለ መርማሪው።

«ገና ነው! ስድስት ቀን ስትጠይቀኝ ከርመህ አሁን በቃ ትለኛለህ?» ዕቃው ከእጃቸው ከወጣ ወዲህ መርማሪውን አንተ ይሉት ጀምረው ነበር።

ከቀትር በፊት ለቀቁን። ባጃጅ ነጂው በቆርቆሮው ቀዳዳ «ሳይንስ በለው!» ብሎ ሸኘኝ። እሱም ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደወጣ ሰምቼ ዕልል ማለት ነው የቀረኝ። ከግቢው ወጥተን አስፋልቱ ጋ እስክንደርስ እማማ አንድ ቃል አልተናገሩም። የደብረ ታቦሩና የጎንደሩ መንገድ የሚገናኙበት ሲደርሱ ቆሙ፤ ንጹሕ አየር ሳቡ፤ ከዚያ በመኪና ጡሩንባ መሃል፣ ሰው እያየን፣ የሚገባኝን ሁሉ ሰጡኝ። «ውሃ ለመለካት ነው ይህ ሁሉ? ለማንም አይናገሩ ያልከኝ ለዚህ ነው? የተማረ ሰው መላ ይህ ነው?» እያስነጠሱ፣ እያሳሉ ሰደቡኝ። እኔ ቆሜ አለቅሳለሁ። ከደስታ ነው። ስድብ እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም፤ ይህን ያህል የሚሳደብ ደረት አይሞትም አልኩ።

አልሞቱምም። ባለፈው ወር ሄጄ መለኪያዋን እንደገና ልስቀል ብዬ ጠየቅኳቸው። እንዴት ብዬ አፍ እንዳወጣሁ አላውቅም። «ስቀላት፤ ግን አገር አይቷት» አሉ። እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ የደብሩ ቄስ ቱቦዋን ከፍ አድርገው ምን እንደሆነች ተናገሩ። ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። አንድ ሽማግሌ ጆሯቸው ላይ አድርገው ነቀነቋት። ቁጥሩንም ሁሉ፣ በየትኛው ወር ውሃው ምን ያህል እንደሚወርድ፣ ለምን እንደሚወርድ፣ እዚያው ቆሜ ነገርኳቸው። አሁን በየመንደሩ የምንሠራው እንዲህ ነው።

ጓሯቸው ሄደን ሽቦውን ሳስር ልቤ አላስችል አለኝ። «እማማ፣ መጋዘኑ ውስጥ ሆኜ ቃልዎን እንዲያፈርሱ እጸልይ ነበር» አልኳቸው።

ሳቁ። «እኔም እጸልይ ነበር» አሉ።

«ምን ብለው?»

«ያ ልጅ የኔ አይደለችም ብሎ እንዳይክደኝ ብዬ ነዋ። አንተ ከካድክ ብረቱ የማን ይሆናል? በኔ ጉድጓድ የተገኘ!»

የሽቦውን ቋጠሮ ማጥበቅ ቀጠልኩ። በመጀመሪያው ቀን መርማሪው ቱቦዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ያንተ ናት?» ብሎ ሲጠይቀኝ ወዲያው አልመለስኩም ነበር። ብዙ ቆየሁ። ስሜ አልተጻፈባት፤ ከአምስት ኪሎ ሜትር ወዲያ ነው የተያዝኩት። «አላውቃትም» የሚለው ቃል ተዘጋጅቶ ምላሴ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ቀላል ቃል ነው። ለምን እንዳላልኩት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጀግንነት እንዳልነበረ ግን አውቃለሁ። «የኔ ናት» አልኩ፤ የገዛ ድምፄን ሰምቼ ደነገጥኩ።

እማማ ሽቦውን ይዘው ቱቦዋን ቀስ ብለው ወደ ውሃው አወረዷት። እኔ ጎናቸው ቆሜ «አላውቃትም» አላልኩም፣ ተመስገን አላልኩም እላለሁ በሆዴ።